የውሻና የድመት ሕክምና መድን፦ ማን መግባት ይችላል? ምንስ ይሸፍናል?

ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መድኑ የሚሠራው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው መድን ከገባ በኋላ ክሊኒክ ሄዶ ካርድ አሳይቶ የሚወጣ ይመስለዋል። አብዛኛው የውሻና የድመት መድን ግን እንዲህ አይደለም። ሒሳቡን መጀመሪያ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ከዚያ ደረሰኙንና የሐኪሙን ማስታወሻ ለመድን ድርጅቱ ይልካሉ፤ ድርጅቱም ከውሉ ጋር አመሳክሮ ድርሻውን ይመልስልዎታል። ስለዚህ መድን ቢኖርዎትም ለድንገተኛ ቀን የሚሆን ገንዘብ በእጅ መያዝ አይቀርም። ሌሊት ላይ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ክሊኒኩ ክፍያውን የሚጠይቀው ያኔውኑ ነው፤ ተመላሹ ግን ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

በቀጥታ ለክሊኒኩ የሚከፍሉ ድርጅቶችም አሉ። ይህ የሚሠራው ክሊኒኩም ከተስማማ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ወገኖች እንስሳው ጤነኛ ሳለ ይጠይቁ። በሌላ በኩል፣ እንዲህ ያለው መድን ብዙ ጊዜ በተወሰኑ ክሊኒኮች አይወስንዎትም፤ ፈቃድ ያለው ማንኛውም የእንስሳት ሐኪም ያከመው ተቀባይነት አለው።

ውሻዬ ወይም ድመቴ ለመድን ብቁ ናቸው?

የመጀመሪያው መስፈርት ዕድሜ ነው። ቡችላም ሆነ የድመት ግልገል በአብዛኛው ከ6 ወይም ከ8 ሳምንት ጀምሮ መግባት ይችላል። ላይኛው ጣሪያ ግን ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። አንዳንዱ ምንም ጣሪያ የለውም፤ አንዳንዱ እንስሳው የተወሰነ ዕድሜ ካለፈ አዲስ ምዝገባ አይቀበልም፤ ሌላው ደግሞ አረጋዊ እንስሳ ለአደጋ ብቻ እንጂ ለበሽታ እንዳይገባ ያደርጋል። ጣሪያው ብዙውን ጊዜ የሚመለከተው አዲስ የሚመዘገበውን እንስሳ ነው። ቀደም ብሎ ገብቶ ውሉን ሳያቋርጥ በየዓመቱ ያሳደሰ እንስሳ ዕድሜው ቢገፋም ይቀጥላል። ይህ ግን በውሉ ላይ መጻፉን ያረጋግጡ።

የትውልድ ቀኑ የማይታወቅ እንስሳ ከሆነ፣ ሐኪሙ ጥርሱን አይቶ የገመተውን ዕድሜ ያስመዝግቡ። ዓረቦን (ለመድኑ የሚከፍሉት ክፍያ) እንዲቀንስ ብሎ ዕድሜ ማሳነስ ኋላ ጉዳት አለው፤ የሕክምና መዝገቡ ላይ የሰፈረው ዕድሜ ከማመልከቻው ጋር ካልተስማማ ድርጅቱ ካሳውን ሊቀንስ ወይም ውሉን ሊያፈርስ ይችላል።

ክልስ ውሾችና ዝርያቸው የማይታወቅ ድመቶች ያለ ችግር ይመዘገባሉ። ለውድድር ሩጫ፣ ለጥበቃ ሥራ ወይም ለንግድ እርባታ የሚውል እንስሳ ግን ከተራው የቤት እንስሳ ውል ውጭ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ የሚሠራውን ሥራ ሳይደብቁ ይግለጹ። አንዳንድ ድርጅት ማይክሮቺፕ (ከእንስሳው ቆዳ ሥር የሚገባ መለያ) ይጠይቃል። ሌላው ባለፉት 12 ወራት ውስጥ የተደረገ የሐኪም ምርመራ ይፈልጋል። ሁለት ድመት ካለዎት ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሽፋን ያስፈልጋል፤ አንደኛዋ በሌላዋ ስም ልትታከም አትችልም።

«ቀድሞ የነበረ ሕመም» የሚባለው ምንድን ነው?

ከካሳ ክርክሮች ብዙዎቹ የሚነሱት ከዚህች ሐረግ ነው። ከውሉ አንድ ገጽ ብቻ የማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ይህን ትርጉም የያዘውን ገጽ ያንብብ።

አብዛኛው ሰው ሐረጉን «ሐኪም አስቀድሞ ስም የሰጠው በሽታ» ብሎ ይረዳዋል። ውሎቹ ግን የሚሉት ሌላ ነው፦ ሽፋኑ ከመጀመሩ በፊት ወይም በመጠበቂያው ጊዜ (ከተመዘገቡ በኋላ ካሳ መጠየቅ በማይቻልበት የመጀመሪያ ጊዜ) ውስጥ ምልክቱ የታየ ማንኛውም ችግር፣ ያኔ ስም ይኑረውም አይኑረውም፣ ቀድሞ እንደነበረ ይቆጠራል። የሚታየው የምልክቱ ቀን እንጂ የምርመራው ውጤት ቀን አይደለም። ለምሳሌ ውሻው በክትባት ቀጠሮው ላይ «እግሩን ይልሳል፣ ቆዳውን ያካል» ተብሎ በመዝገቡ አንድ መስመር ተጻፈ እንበል። ከ2 ወር በኋላ መድን ገባ። ከ8 ወር በኋላ አለርጂ እንዳለበት ታወቀ። ያቺ አንዲት መስመር አለርጂውን ለዘለቄታው ከሽፋን ልታስወጣው ትችላለች።

ብዙ ድርጅቶች የሚድንና የማይድን ሕመምን ይለያሉ። የጆሮ ኢንፌክሽን፣ ተራ ተቅማጥ፣ የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ከሚድኑት ወገን ናቸው። እንስሳው ያለ ምልክትና ያለ መድኃኒት የተወሰነ ጊዜ ከቆየ፣ ብዙ ጊዜ 6 ወይም 12 ወር፣ ቆይቶ የሚመጣው አዲስ ሕመም ተደርጎ ይሸፈናል። ስኳር በሽታ፣ የቆየ የኩላሊት ድካም፣ የመገጣጠሚያ መበላሸትና አለርጂ ግን እንዲህ ዓይነት ምሕረት አያገኙም።

ሌላው ብዙዎችን የሚያስደነግጠው የግራና ቀኝ አንቀጽ ነው። የአንዱ እግር የጉልበት መስቀለኛ ጅማት ከመድኑ በፊት ተጎድቶ ከነበረ፣ ጤነኛው እግር ኋላ ቢጎዳም ሽፋን አያገኝም። ምክንያቱ ሕክምናዊ ነው። በውሻ ላይ ይህ ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በአንድ አደጋ ሳይሆን ቀስ በቀስ ሳስቶ ስለሆነ፣ አንዱ ጎን የተበጠሰበት ውሻ ሁለተኛውም የመበጠሱ ዕድል ከፍተኛ ነው። ዳሌን፣ ክርንንና ዓይንንም በዚሁ ሚዛን የሚያዩ ውሎች አሉ።

ማድረግ የሚችሉት አለ። መድን እንደገቡ የእንስሳውን ሙሉ የሕክምና መዝገብ ከሄደባቸው ክሊኒኮች ሁሉ ሰብስበው ለድርጅቱ ይላኩና ቅድመ ግምገማ እንዲያደርግ ይጠይቁ። የትኞቹን ችግሮች ቀድሞ እንደነበሩ እንደሚቆጥር በጽሑፍ ይንገርዎት። መልሱ ካልጣመዎት ውሉን ያለ ቅጣት ማፍረስ የሚቻልበት የመጀመሪያ ጊዜ ሳያልፍ መውጣት ይችላሉ። እንዲሁም እንስሳው ከታመመ በኋላ ሲድን ሐኪሙ «ድኗል» ብሎ ከነቀኑ እንዲጽፍ ይጠይቁ። ታሞ መምጣቱ ተጽፎ መዳኑ ካልተጻፈ፣ ወረቀቱ ላይ ዛሬም እንደታመመ ነው። የተጻፈውን እንዲሰርዝ ግን ሐኪሙን በፍጹም አይለምኑ፤ ይህ ማጭበርበር ነው፣ የሐኪሙን ፈቃድም የእርስዎንም ውል ያስቀጣል።

የመጠበቂያ ጊዜው ስንት ነው?

በአደጋና በበሽታ ይለያያል። ለአደጋ ከዚያው ቀን ጀምሮ እስከ 15 ቀን፣ ለበሽታ ብዙውን ጊዜ 14 ቀን፣ አንዳንዴ 30 ቀን ነው። ለጉልበት ጅማትና ለዳሌ ችግር 6 ወር የሚያስጠብቁ ውሎች አሉ። ሐኪም እግሩን መርምሮ ጤነኛ መሆኑን በቅጽ ካረጋገጠ ይህን ረጅም ጊዜ የሚያሳጥሩ ድርጅቶች ስላሉ፣ ትልልቅ ውሻ ያላችሁ ይህን ሳትጠይቁ አትለፉ። በመጠበቂያው ጊዜ የታየ ምልክት ያን ጊዜ አለመሸፈኑ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ከነበሩት ጋር ይመደባል። ጊዜው እስኪያልፍ ጠብቆ ማሳከም ስለዚህ አይጠቅምም፤ እንስሳውንም ይጎዳል።

ምን ምን ይሸፈናል?

ውሎቹ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። ርካሹ ለአደጋ ብቻ ነው፦ መኪና ሲገጨው፣ ሲነከስ፣ አጥንት ሲሰበር፣ ባዕድ ነገር ሲውጥ፣ ሲመረዝ። ውሻ ቸኮሌት ወይም ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካ ቢበላ፣ ድመት የሊሊ አበባ ብታኝክ፣ ከዚህ ይመደባል። ሁለተኛው አደጋና በሽታን አንድ ላይ የሚይዘው ሲሆን፣ ብዙ ሰው «የእንስሳት መድን» ሲል በአእምሮው ያለው ይህ ነው። ምርመራ፣ የደም ምርመራ፣ ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ አልጋ ይዞ መታከም፣ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የካንሰር ሕክምና በዚህ ይገባሉ። ሦስተኛው ለክትባት፣ ለዓመታዊ ምርመራ፣ ለማምከንና ለቁንጫ መከላከያ የሚሆን ተጨማሪ ነው። ሦስተኛውን ከመግዛትዎ በፊት ደምሩ፦ ዓመታዊ ክፍያው ከሚመልሰው ጣሪያ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ የራስዎን ገንዘብ በየወሩ ከፋፍለው ማስቀመጥ ነው የሚሆነው።

«የምርመራ ክፍያ» ለብቻው ይታይ። ሐኪሙ እንስሳውን ለማየት የሚያስከፍለውን የማይሸፍኑ ውሎች አሉ፤ ሥር የሰደደ በሽታ ላለበት እንስሳ በዓመት ብዙ ጊዜ ስለሚከፈል ድምሩ ቀላል አይደለም። የሐኪም ትዕዛዝ ያለው ምግብ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ የጠባይ ችግር ሕክምና እንዲሁ አንዱ ጋ አለ፣ ሌላው ጋ የለም።

የማይሸፈነውስ?

ቀድሞ የነበረው ሕመም፣ እርግዝናና ወሊድ፣ ለመልክ ሲባል የሚደረግ ጆሮና ጅራት ቆረጣ፣ ባለቤቱ ሆን ብሎ ወይም በቸልታ ያደረሰው ጉዳት። ከእነዚህ ይልቅ ሰው ሳያስበው የሚሰናከልበት በመከላከል ሊቀር የሚችለው በሽታ ነው። ቡችላው የፓርቮ (አንጀትን የሚያጠቃ አደገኛ የውሻ ቫይረስ) ክትባት ጊዜው አልፎበት በፓርቮ ቢያዝ፣ የልብ ትል መከላከያው ተቋርጦ ትሉ ቢገኝ፣ ድርጅቱ ካሳ ሊነፍግ ይችላል። የክትባት ካርዱን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

የጥርስ ሕክምና ይገባል?

በአደጋ የተሰበረ ጥርስ አብዛኛው ጊዜ ይገባል። የድድ በሽታ ግን የሚሸፈነው ውሉ በግልጽ ካለ ነው፤ ያም ሆኖ በየዓመቱ ጥርሱ መታየቱን ወይም መጽዳቱን የሚያሳይ መዝገብ ይጠየቃል። አንድ ዓመት ማሳለፍ ሽፋኑን ያስቀራል። ተራ እጥበት ከተጨማሪው ሽፋን እንጂ ከዋናው አይወጣም።

ዝርያው ለውጥ ያመጣል?

አዎ፤ በዓረቦኑም በሽፋኑም። ጀርመን ሼፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር፣ ዳሽሁንድ የጀርባ አጥንት ዲስክ መንሸራተት፣ ቡልዶግና ፐግ የአየር ቧንቧ ጥበት፣ ግሬት ዴን የጨጓራ መነፋትና መጠማዘዝ ያጠቃቸዋል። ከድመቶች ሜይን ኩንና ራግዶል ለልብ ጡንቻ መወፈር፣ ፐርሺያን ለኩላሊት የውኃ ከረጢቶች የተጋለጡ ናቸው። እንዲህ ያለ ዝርያ ካለዎት ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ «ዝርያውን ትቀበላላችሁ ወይ?» ብቻ አይደለም። «በዘር የሚተላለፍና ከውልደት ጀምሮ ያለ ችግር ትሸፍናላችሁ ወይ? የዕድሜ ገደብስ አለው?» ብለው ይጠይቁ። ዝርያውን በደስታ መዝግቦ ዝርያው የሚታወቅበትን በሽታ የሚያስቀር ውል ዋጋ የለውም።

ድመቴ ከቤት አትወጣም፤ መድን ያስፈልጋታል?

የቤት ድመት ከመኪናና ከጠብ ትተርፋለች፣ ከበሽታ ግን አትተርፍም። የኩላሊት ድካም፣ የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ ስኳር በሽታ በቤት ውስጥም ይመጣሉ። ክርና የጸጉር ማሰሪያ ጎማ የምትውጥ ድመት አንጀቷ ተሰብስቦ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋት ይችላል። ወንድ ድመት ደግሞ የሽንት ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ሊዘጋበት ይችላል። ይህ በቀናት ውስጥ የሚገድል ድንገተኛ ነው፣ ከታከመም በኋላ ይመላለሳል። ከመድን በፊት አንዴ ከተዘጋበት ሁለተኛው እንዳይሸፈን ያደርገዋልና፣ ለወንድ ድመት በጊዜ መግባት የበለጠ ይጠቅማል። የድመት ዓረቦን ከውሻ ዓረቦን ዝቅ ማለቱም የተለመደ ነው።

የሚመለስልኝ ገንዘብ እንዴት ይሰላል?

ሦስት ቁጥሮች ይወስኑታል፦ መጀመሪያ ከእርስዎ ኪስ የሚወጣው ተቀናሽ፣ ከቀሪው ድርጅቱ የሚከፍለው ድርሻ፣ በዓመት የሚከፍለው ጣሪያ። ድርሻው አብዛኛውን ጊዜ 70፣ 80 ወይም 90 በመቶ ነው።

ሒሳቡ 3,000 መጣ እንበል፤ ገንዘቡ የየትኛውም አገር ቢሆን ስሌቱ አይለወጥም። ከዚህ ውስጥ 200 ውሉ የማይሸፍነው ምግብ ነው፤ 2,800 ይቀራል። ተቀናሹ 500፣ ድርሻው 80 በመቶ ይሁን። ድርጅቱ ተቀናሹን አስቀድሞ ካነሳ 2,300 ይቀርና የ2,300 80 በመቶ 1,840 ይመለሳል። ድርሻውን አስቀድሞ አስልቶ ተቀናሹን ኋላ ካነሳ ግን 2,240 ሲቀነስ 500፣ ማለትም 1,740 ነው። በአንድ ዓይነት ቁጥሮች 100 ልዩነት መጣ። ቅደም ተከተሉ በውሉ የስሌት አንቀጽ ላይ ስለሚጻፍ ይፈልጉት።

ከቅደም ተከተሉ የሚበልጠው የተቀናሹ ዓይነት ነው። ዓመታዊ ተቀናሽ የዓመቱን ሒሳቦች ሁሉ ደምሮ አንድ ጊዜ ይነሳል። በሕመም የሚነሳው ግን ለእያንዳንዱ ሕመም ለብቻ ነው። ውሻዎ በአንድ ዓመት የጆሮ ኢንፌክሽን፣ ተቅማጥና ቁስል ቢገጥመው፣ እያንዳንዱም 400 ቢያስወጣ፣ በሕመም 500 የሚያነሳው ውል ምንም አይመልስልዎትም። ዓመታዊው ከ1,200 ላይ 500 አንስቶ ከ700 80 በመቶ፣ 560 ይመልሳል። ሥር የሰደደ በሽታ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ለአንድ ሕመም በዕድሜ ልክ አንዴ ብቻ ተቀናሽ የሚያነሳ ውል ስኳር ላለባት ድመት ይሻላል፤ ዓመታዊው በየዓመቱ እንደገና ያነሳልና።

ጣሪያውንም እንዲሁ ይመርምሩ። በዓመት ሲታደስ እንደገና የሚሞላ ጣሪያ አለ፤ ለአንድ ሕመም ካለቀ የማይመለስ ጣሪያ አለ፤ ሕመሙ ከጀመረ 12 ወር ሲሞላ ገንዘቡ ቢተርፍም ክፍያ የሚያቆም ውልም አለ። የመጨረሻው ለስብራት ይበቃል። ዕድሜ ልክ መድኃኒት ለሚፈልግ በሽታ ግን በሁለተኛው ዓመት ባዶ እጅ ያስቀራል፣ ሌላ ድርጅት ሄዶ ለመግባትም ሕመሙ ያኔ «ቀድሞ የነበረ» ሆኗል። ዓረቦኑ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ካሳ ስጠይቅ ምን ላዘጋጅ?

ከክሊኒኩ ሳይወጡ እያንዳንዱ አገልግሎትና መድኃኒት ከነዋጋው የተዘረዘረበት ደረሰኝ ይቀበሉ። «ሕክምና» ተብሎ በአንድ ድምር የተጻፈ ደረሰኝ ተመልሶ ይመጣል። የእንስሳው ስም በደረሰኙና በውሉ ላይ አንድ ይሁን። የሐኪሙን የምርመራ ማስታወሻና የላቦራቶሪ ውጤት ያያይዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠይቁ ድርጅቱ የእንስሳውን ያለፈ መዝገብ በሙሉ ስለሚፈልግ ይዘገያል፤ ቅድመ ግምገማ ያስደረገ ሰው ይህ መዘግየት አይነካውም።

የማቅረቢያ ቀነ ገደብ አለ፤ 90 ወይም 180 ቀን የተለመደ ነው። ቀጠሮ የተያዘለት ትልቅ ቀዶ ሕክምና ከሆነ የዋጋ ግምቱን አስቀድመው ልከው ይሸፈን እንደሆነ ማረጋገጫ ይጠይቁ።

ለሐኪሙ የሚሉትንም ያስተውሉ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያነክሰው?» ሲባሉ «ኧረ ቆይቷል» ካሉ፣ «ለረጅም ጊዜ» ተብሎ ይጻፋል፣ ካሳውም በዚያ ቃል ይወድቃል። መዋሸት አይደለም የምንለው፤ የሚያውቁትን በትክክል ይናገሩ፦ «ባለፈው ማክሰኞ ከደረጃ ከወረደ ወዲህ» ማለት ከቻሉ እንዲያ ይበሉ።

ጥያቄዬ ውድቅ ቢሆንስ?

የትኛው አንቀጽ እንደተጠቀሰ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያ አንቀጹንና መዝገቡን ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ። «ቀድሞ ነበረ» ከተባለ፣ የያኔው ምልክት ከአሁኑ ሕመም ጋር ግንኙነት የሌለው መሆኑን ከነምክንያቱ የሚያስረዳ ደብዳቤ ሐኪሙ ሊጽፍልዎት ይችላል፤ ለምሳሌ ያኔ ያስታወከው ምግቡ በድንገት ተቀይሮ፣ አሁን ግን ቆሽቱ ተቆጥቶ ከሆነ። ይግባኙ የራሱ ቀነ ገደብ አለው። በድርጅቱ ውስጥ ካልተፈታ የመድን ሥራን ለሚቆጣጠረው መንግሥታዊ አካል አቤት ማለት ይቻላል። በቃል የተነገረዎትን ሁሉ ከነቀኑ ይመዝግቡ።

ዓረቦኑ በየዓመቱ ለምን ይጨምራል? ድርጅት ልቀይር?

እንስሳው ካሳ ባይጠይቅም ዕድሜው ሲጨምርና የክሊኒክ ዋጋ ሲወደድ ዓረቦን ይጨምራል። ከመቀየርዎ በፊት ያስቡበት፤ በአሮጌው ውል የተሸፈነ ሕመም ሁሉ በአዲሱ ዘንድ ቀድሞ የነበረ ይሆናል፣ የመጠበቂያውም ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ለጤነኛና ወጣት እንስሳ መቀየር አይጎዳም። ለታመመ እንስሳ ግን ተቀናሹን ከፍ አድርጎ ወይም ድርሻውን ከ90 ወደ 80 በመቶ ዝቅ አድርጎ እዚያው መቆየት ይሻላል። ተቀናሹን ዝቅ ማድረግ ወይም ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ግን አንዳንዴ እንደ አዲስ ውል ስለሚቆጠር፣ ከመፈረም በፊት ውጤቱን ይጠይቁ። ከቀየሩም አዲሱ የመጠበቂያ ጊዜውን እስኪጨርስ አሮጌውን አያቋርጡ።

እንስሳው ቢሞት ወይም ለሌላ ሰው ብሰጠውስ?

ለድርጅቱ ወዲያውኑ ያሳውቁ፤ ካላሳወቁ ዓረቦኑ መቆረጡን ይቀጥላል። ዓመቱን አስቀድመው ከፍለው ከሆነ ያልተጠቀሙበት ወራት ይመለሱ እንደሆነ ይጠይቁ። ከመሞቱ በፊት የታከመበትን ሒሳብ ካሳ የመጠየቅ መብትዎ በቀነ ገደቡ ውስጥ እንዳለ ነው። ሕመሙ የማይድን ሆኖ ሐኪም በመርፌ ያለ ስቃይ እንዲያርፍ ያደረገበትን ወጪ የሚሸፍኑ ውሎችም አሉ። ለሌላ ሰው የሚሰጡት ከሆነ፣ ውሉ በአዲሱ ባለቤት ስም ሳይቋረጥ ይተላለፍ እንደሆነ እንስሳው ከእጅዎ ሳይወጣ ያጣሩ።